ካዝናው በማን እጅ ነው?

እኛ ጎጃሞች ማንን እንደምናከብር የታወቀ ነው። እምቢ ያለውን፣ ዱር የገባውን፣ እንደ በላይ ዘለቀ ያለውን ነው። ይገባቸዋልም፤ ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ጎጃምን ተደላድሎ ሊገዛ ያልቻለው በእነሱ ምክንያት ነው። ዛሬ የምጽፈው ግን ማንም ስለማይዘፍንላቸው ሰዎች ነው። ስብሰባ ሲጠራ ቀድመው ስለሚገቡ፣ የበጀት ሰነድ መስመር በመስመር ስለሚያነቡ፣ "ይህን ወጪ የፈቀደው ማን ነው?" ብለው እጃቸውን ስለሚያወጡ ሰዎች። በአብዮቱ ዘመን እንዲህ ያለው ሰው መሀል ሰፋሪ ተብሎ ይሰደብ ነበር። ዛሬም ቢሆን ደህና ስም የለውም። እኔ ሰሞኑን ስለ እንዲህ ዓይነት ሰዎች ሳነብ ከረምኩ፤ ልቤም ወደ እነሱ አዘነበለ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው ቦምቤይ ነው፣ ዛሬ ሙምባይ በምትባለው የህንድ ከተማ፣ እንግሊዞች ይገዟት በነበረበት ዘመን። (ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ለምን ህንድ እንዳትሉኝ። አጎቴ በጃንሆይ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ሲማሩ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሯቸው ህንዳውያን ነበሩ። ያኔ በየጠቅላይ ግዛቱ ህንዳዊ መምህር ብርቅ አልነበረም። አጎቴ ከእነሱ የሰሙትን ስለ ጋንዲና ስለ ኔህሩ ልጅ ሆነን ያወሩን ነበር። ስለ ፌሮዝሻህ ሜህታ ግን አንድም ቀን አንስተውልን አያውቁም። የማያነሱት እሳቸው ብቻ አይደሉም። ዓለም ሁሉ ጋንዲን ያውቃል፤ ከጋንዲ በፊት አርባ ዓመት ሙሉ በማዘጋጃ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ከእንግሊዝ ሹመኛ ጋር ስለ ግብር፣ ስለ ውሃ ሲከራከር የኖረውን ሰው ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጥጥ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 እርስ በርሳቸው ሲዋጉ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ጥጥ አጡ። ፊታቸውን ወደ ህንድ አዞሩ፣ ቦምቤይም ባንድ ጊዜ በገንዘብ ተጥለቀለቀች። ባንክ በባንክ ላይ ተከፈተ፣ ሰው ያለውን ሁሉ አክሲዮን ገዛበት። ጦርነቱ ሲያልቅ የጥጥ ዋጋ ወደቀ፤ ባንኮቹም አብረው ወደቁ። ልክ በዚያው በ1865 አርተር ክራውፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ የከተማዋ ኮሚሽነር ሆነ። በእኛ አነጋገር የከተማ ሥራ አስኪያጅ በሉት። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም። ቆሻሻ አስጠረገ፣ መንገድ አስወጣ፣ እስከ ዛሬ የቆመ ትልቅ ገበያ አሠራ። ችግሩ የሚያወጣው ገንዘብ ከሚገባው በላይ መሆኑ ነው፤ የሚጠይቀው ደግሞ አልነበረም። በመንግሥት የተሾሙ የከተማው ትልልቅ ሰዎች ወጪውን መቆጣጠር ነበረባቸው፣ ግን አንድ ቆራጥ ሹም ሁሉንም ሥልጣን ከያዘ በኋላ ተሿሚ ሽማግሌ ምን ያደርገዋል? ግብሩ እየከበደ ሄደ። በ1871 ግብር ከፋዩ ተነሳ። ክራውፎርድ ይውረድልን አለ።

እዚህ ላይ ነው ሜህታ የሚመጣው። ፓርሲ ነው፤ ፓርሲዎች ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከፋርስ ወደ ህንድ የተሰደዱ፣ ቁጥራቸው ትንሽ የሆነ ሕዝብ ናቸው። ለንደን ሕግ ተምሮ ከተመለሰ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜው 26። ሰው ሁሉ በአንድ ሹም ላይ በተቆጣበት በዚያ ሰዓት ተነስቶ የተናገረው የተሰብሳቢውን ጆሮ ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። ጥፋቱ የክራውፎርድ ብቻ አይደለም፣ ጥፋቱ የአሠራሩ ነው አለ። ይህን ሰው አውርዳችሁ ሌላ ብታስቀምጡ፣ ካዝናውን እንዲሁ ልጓም በሌለው እጅ እስካስረከባችሁ ድረስ ያው ይመጣባችኋል። ግብር ከፋዩ ምክር ቤቱን ይምረጥ፣ ምክር ቤቱ ካዝናውን ይያዝ፣ ሥራውን ደግሞ አንድ ሥልጣን ያለው ሰው ይሥራና ለምክር ቤቱ መልስ ይስጥ። ሐሳቡ ይኸው ነው።

ይህን ሳነብ ቆም ብዬ አሰብኩ። እኛ ከተማ ውስጥ ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር የሚሆነውን ታውቃላችሁ። "አዲሱ ሰውዬ ደህና ነው አሉ" ይባላል። ወር ሁለት ወር መንገዱ ይጠረጋል፣ ቢሮ ውስጥ "ነገ ተመለስ" የሚለው ሰው ለጊዜው ይደነግጣል። ከዚያ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል፣ እኛም አዲሱን ሰውዬ መርገም እንጀምራለን፣ እሱም ይነሳና ሌላ ይመጣል። ስለ ሰውየው ስናወራ ዕድሜያችን አለቀ። ስለ አሠራሩ የሚያወራ ሰው ሲነሳ "ይሄ ደግሞ ለማን ይሟገታል?" እንለዋለን። የ26 ዓመቱ ሜህታ ያንን ሁሉ ቁጡ ሰው ፊት ለፊት እንዲህ ማለቱ ለእኔ ጀግንነት ነው። ጠመንጃ ከማንሳት የሚያንስ ጀግንነት ነው ብዬም አላምንም።

በ1872 አዲስ ሕግ ወጣ። ከ64ቱ የምክር ቤት አባላት ግማሹን ግብር ከፋዮች እንዲመርጡ ፈቀደ። የቀረውን ግማሽ እኩሌታ መንግሥት ይሾማል፣ እኩሌታውን የሰላም ዳኞች የሚባሉት ባለሥልጣንና ባለጸጎች ይመርጣሉ። ሜህታና ጓደኞቹ ይህን ተቀብለው ገቡበት። ጓደኞቹ የምላቸው ሙስሊሙን ባድሩዲን ታያብጂን፣ ሂንዱውን ካሺናት ቴላንግን፣ እንደ ሜህታ ፓርሲ የነበረውን ዲንሻው ዋቻን ነው። የሃይማኖታቸውን ስብጥር ልብ በሉልኝ፤ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያሰባሰባቸው የከተማው ሒሳብ ነው። ሜህታ በ1884ና በ1885 ምክር ቤቱን በሰብሳቢነት መራ፣ ከሃያ ዓመት በኋላም በ1905 እንደገና መራ። በኋላ የነጻነቱን ትግል የመራው የህንድ ብሔራዊ ኮንግረስ የመጀመሪያ ጉባኤውን በ1885 ያደረገው በዚችው በቦምቤይ ነው። በ1890 የኮንግረሱ ፕሬዚዳንት የሆነውም ሜህታ ነው። አገር አቀፉ ፖለቲካና የሰፈሩ ፍሳሽ ጉዳይ የአንድ ሰዎች ሥራ ነበር።

ቀጥሎ የ1888ቱ ሕግ መጣ። መንግሥት መጀመሪያ ያቀረበው ረቂቅ የኮሚሽነሩን እጅ የሚያጠነክር ነበር። ሜህታና ቴላንግ ያን ጊዜ በቦምቤይ ጠቅላይ ግዛት የሕግ ምክር ቤት ውስጥም ወንበር ስለነበራቸው ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ ተከራክረው ብዙ አስለወጡ። በመጨረሻ 72 አባላት ያሉት ምክር ቤት ተቋቋመ፦ 36ቱ በግብር ከፋይ የተመረጡ፣ 16ቱ በሰላም ዳኞች፣ 2 በዩኒቨርሲቲው፣ 2 በንግድ ምክር ቤቱ፣ 16ቱ ደግሞ በመንግሥት የተሾሙ። በጀቱን የሚያጸድቀው፣ የግብሩን ልክ የሚወስነው ምክር ቤቱ ሆነ። ኮሚሽነሩ ግን አሁንም መንግሥት የሚልከው ሰው ነው። ካዝናውን ወሰዱ፣ ሥራ አስኪያጁን ግን አላገኙም። ለዘብተኛ ማለት እንግዲህ እንዲህ ያለውን ግማሽ ድል ተቀብሎ ወደ ሥራ የሚገባ ሰው ነው። ጓደኞቼ የሚጠሉባቸውም ይህንኑ ነው። እኔ ደግሞ ግማሹን የያዘ ሰው ነገ የቀረውን የሚጠይቅበት ቦታ አለው እላለሁ።

ለምን ካዝና ካዝና እንደምል ውሃው ያስረዳችሁ። ቦምቤይ በባህር የተከበበች፣ የሚጠጣ ውሃ ግን የሚቸግራት ከተማ ነበረች። የቪሃር ሐይቅ ውሃ በ1860 ገባ፤ አልበቃም። ቱልሲ በ1879 ተጨመረ፤ እሱም አልበቃም። ትልቁ የታንሳ ግድብ በ1892 ተመረቀ። ይህ ሁሉ በብድርና በውሃ ግብር የሚሠራ ነው፣ ስንት እንበደር፣ ማን ይክፈል፣ ቧንቧው ወደየትኛው ሰፈር ይሂድ የሚለው ክርክር ደግሞ ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርስ ክርክር ነው። ባህር ዳር ጣና አፍንጫው ሥር እያለ ውሃ በፈረቃ የጠበቀ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጀሪካን ይዞ የቆመ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄና ሜህታ በምክር ቤቱ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። በ1896 የአይጥ ቸነፈር ቦምቤይ ገባ፣ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ፣ የቻለ ከተማዋን ለቆ ሸሸ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1897 ሥራውን ከማዘጋጃ ቤቱ ወስዶ ጋታከር የሚባል ጄኔራል ለሚመራው ኮሚቴ ሰጠ። በ1898 ደግሞ የተጨናነቁትን ሰፈሮች የሚያፈርስና መንገድ የሚከፍት፣ ምክር ቤቱ የማያዝበት ለብቻው የሆነ ድርጅት አቋቋመ። ቦርዱ ውስጥ የምክር ቤቱ ወኪሎች ጥቂት ናቸው፣ ወጪው ግን የከተማው ነው። ሜህታ ይህን አጥብቆ ተቃወመ፤ ያ ድርጅት ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የተመለሰው ግን በ1933 ነው፣ እሱ ከሞተ ብዙ ዓመት በኋላ። ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚነጠቀው የመረጥከው ሰው ሥልጣን ነው፤ ለመመለስ ደግሞ የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃም። በዚያው ሰሞን ጎረቤት ከተማ ፑና ውስጥ ወታደሮች ቤት ለቤት እየገቡ በሽተኛ ሲፈልጉ ሕዝቡ ተዋረድኩ ብሎ ተንገፈገፈ። የቸነፈሩን ሥራ የሚመራው እንግሊዛዊ በሰኔ 1897 ተገደለ። ቲላክ የሚባለው ጋዜጠኛና ፖለቲከኛ በጽሑፉ አመፅ ቀስቅሷል ተብሎ ታሰረ። ህንዳዊው ወጣት ልቡን የሰጠው ለቲላክ ነው። ማን ይፈርድበታል?

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ አካባቢ ሰው ልጨምር። በ1901 የቦምቤይ መንግሥት የመሬት ግብር ሕግ ማሻሻያ አቀረበ። በረሃብ ምክንያት ግብር ያልከፈለ ገበሬ መሬቱን ይነጠቅና ሲመለስለትም መሸጥ መለወጥ እንዳይችል የሚያደርግ ነው። ሜህታ ይቆይ፣ ሕዝቡ ይጠየቅ አለ። ድምፅ ተሰጠ፣ የሹመኞቹ ቁጥር በለጠ፣ ተሸነፈ። ያን ጊዜ ተነስቶ ወጣ፤ ጎክሌ የሚባለው ለዘብተኛ ፖለቲከኛና ሌሎቹም ተከትለውት ወጡ። ሕጉ ጸደቀ። በእኛ በ1960 ዓ.ም. በሞጣና በብቸና የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብሩን እምቢ ሲል መንግሥት አውሮፕላን ድረስ ልኮ ደበደበው፤ በመጨረሻ ግን ገዢው ተነሱ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ። እንግዲህ በዚህ ሚዛን የጎጃም ገበሬ ያሸነፈውን ሜህታ ተሸንፏል። ይህን አልሸሽግም። ግን እዚያ በ1960 ዓ.ም. የሞተውን ሰው ሁሉ ሳስብ፣ ጠቅላይ ግዛቱ ውስጥ ያ ነገር ገና ረቂቅ ሳለ "ይቆይ፣ ገበሬው ይጠየቅ" የሚል አንድ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ቢኖር ኖሮ እላለሁ።

ስለ 1907 ሳልነግራችሁ አላልፍም። በዚያ ዓመት ሜህታ ሁለት ጊዜ ተመታ፣ ከሁለት ወገን። መጀመሪያ እንግሊዞቹ። የትልቁ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ አዘጋጅና ጥቂት ከፍተኛ ሹማምንት ተስማሙና በማዘጋጃ ቤት ምርጫ ሜህታን ለመጣል ዘመቱ። ሰውየው ምክር ቤቱን በእጁ አድርጎታል፣ ሌላው የእሱ ጥላ ሆኗል ነው የሚሉት፤ ነገሩ ፍጹም ሐሰት ነው አልልም፣ ፈላጭ ቆራጭ መሆኑን ወዳጆቹም ያውቁ ነበር። የሰላም ዳኞቹ የሚመርጡት 16 ሰው ነው። ድምፁ ሲቆጠር ሜህታ 17ኛ ወጣ። ከተማው ተናወጠ። በኋላ ግን ካሸነፉት አንዱ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር የሥራ ውል ስለነበረው ምርጫው ተሰረዘና ሜህታ ገባ። ሕጉ ራሱ አስገባው፤ ዕድሜውን ሙሉ አንቀጽ ሲቆጥር ለኖረ ሰው የሚገባ ነገር ነው።

ሁለተኛው የመጣው ከገዛ ወገኖቹ ነው። በታኅሣሥ 1907 ኮንግረሱ ሱራት በምትባል ከተማ ተሰበሰበ። የቲላክ ወገን፣ ጽንፈኞች የሚባሉት፣ እንግሊዝን በልመና አናስወጣም አሉ። ለዘብተኞቹ አልሰማ አሉ። ክርክሩ ወደ ጩኸት፣ ጩኸቱ ወደ ወንበር ውርወራ ሄደ። አንድ ጫማ ከአዳራሹ ተወርውሮ መጣና መድረኩ ላይ የተቀመጡትን፣ ሌላውን ለዘብተኛ ሱሬንድራናት ባነርጂንና ሜህታን መታቸው። ኮንግረሱም እዚያው ለሁለት ተሰነጠቀ። እንግሊዝ አመፀኛ ብሎ የሚፈራው ሰው፣ ወገኑ ደግሞ የእንግሊዝ ተላላኪ ብሎ ጫማ የሚወረውርበት ሰው አንድ ሰው ነው። እዚህ እኛ ጋ መሀል ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ሲያነብ ጎኑን ያመዋል።

ይሁን እንጂ የለዘብተኞቹን እውነተኛ ጉድለት ሳልናገር ብተው ውሸታም እሆናለሁ። መራጩ ግብር ከፋይ ነው አልኩ። በዚያች ከተማ ያን ግብር የሚከፍለው ስንቱ ነው? የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ የሚኖረው፣ ቸነፈሩ መጀመሪያ የበላው ሰው አብዛኛው ድምፅ አልነበረውም። በ1908 ቲላክ ስድስት ዓመት ሲፈረድበት እነዚሁ ሠራተኞች ስድስት ቀን ሥራ አቆሙ፣ በጥይትም ሞቱ። ለሜህታ እንዲህ ያለ ነገር ያደረገ ሠራተኛ አላነበብኩም። ስለ ከተማው ሰላሳ አርባ ዓመት ተከራክሮ፣ ከከተማው የሚበዛው ሕዝብ "የእኛ ሰው" ካላለህ አንድ ነገር ጎድሏል። በእኛም አገር በ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ሲወጣ ወንበሩ የተሰጠው ለሹማምንትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ላላቸው ነዋሪዎች ነበር። ጉሊት የምትቸረችረው፣ ጠላ የምትሸጠው፣ ከገጠር መጥቶ ቀን ሥራ የሚሠራው ከበር ውጭ ነው። ለዘብተኝነት የሚደላው ለለዘብተኛው ብቻ ከሆነ፣ ጫማ መወርወሩ አይቀርም።

የባነርጂ ነገር ደግሞ ያሳዝነኛል። እሱ የካልካታ ሰው ነው፣ በዚያ ከተማ ምክር ቤት ከሃያ ዓመት በላይ አገልግሏል። በ1899 እንግሊዞች የተመራጮቹን ቁጥር ከ50 ወደ 25 ሲያወርዱት እሱን ጨምሮ 28 ህንዳውያን አባላት ባንድ ላይ ሥራቸውን ለቀቁ። ለዘብተኛ ዝም ባይ ነው የሚል ካለ ይህን ያንብብ። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1923፣ የአካባቢ አስተዳደር ሚኒስትር ሆኖ የካልካታን ምክር ቤት ለብዙሃኑ የሚከፍት ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት በምርጫ ቆመና ቢድሃን ቻንድራ ሮይ በሚባል ወጣት ሐኪም ተሸነፈ። በ1924 በእሱ ሕግ መሠረት ከተማዋን የተረከቡት ተቃዋሚዎቹ ናቸው፦ ቺታራንጃን ዳስ ከንቲባ ሆነ፣ ሱብሃስ ቦዝ ሥራ አስኪያጅ። ባነርጂ በዓመቱ ሞተ። ቦምቤይም ያው ነው፤ ሜህታ በኅዳር 1915 ሞተ፣ በ1924 የምክር ቤቱን ሰብሳቢነት የያዘው ቪታልብሃይ ፓቴል ከለዘብተኞቹ ወገን አልነበረም።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ሳወራቸው አቋረጡኝ። "አንተ ልጅ፣ ታዲያ ህንድን ነጻ ያወጣት ማን ሆነና ነው? ጋንዲ አይደለም?" አሉኝ። ልክ ነዎት አልኳቸው። ግን የጋንዲ ሰዎች ወደ ከተማው አዳራሽ ሲገቡ ወንበሩ ተዘጋጅቶ፣ የበጀት አሠራሩ ተጽፎ፣ ሹሙ ለተመራጭ መልስ መስጠት ለምዶ ነው ያገኙት። ይህን የሠራው ማን ነው? አጎቴ መልስ አልሰጡኝም፤ "እሱስ እውነት ነው" አላሉም፣ አላመኑኝም መሰለኝ። እንዳላመኑኝ ይቆዩ፤ ክርክሩ ገና ነው።

የ1888ቱ ሕግ ብዙ ጊዜ ቢሻሻልም ዛሬም የሙምባይ ማዘጋጃ ቤት የሚተዳደርበት ሕግ ነው። የሜህታ ሐውልት ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ፊት ቆሟል። ማዘጋጃ ቤቱ በህንድ ከሁሉ የበለጠ ሀብታም ነው። ኮሚሽነሩን የሚሾመው ግን አሁንም መንግሥት ነው፤ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ምርጫው እየተጓተተ ከተማዋ ለዓመታት ያለ ተመራጭ ምክር ቤት በሹመኛ ተመራች። ያ በ1888 ያልተገኘው ግማሽ እስከ ዛሬ አልተገኘም ማለት ነው።

አሁን የምፈልገው ነገር አለኝ። በጃንሆይ ዘመን የነበሩት የጎጃም ማዘጋጃ ቤቶች ምክር ቤት ነበራቸው፤ ስብሰባ ይቀመጡ ነበር። ደብረ ማርቆስ፣ ባህር ዳር፣ ዳንግላ፣ ቡሬ ውስጥ አባቱ ወይም አያቱ የምክር ቤት አባል የነበረ ሰው ይኖራል። ቤታችሁ ውስጥ፣ ሳጥን ሥር፣ የድሮ ቃለ ጉባኤ ወይም የበጀት ወረቀት ካለ እባካችሁ አትጣሉት። ፎቶ አንሱና ላኩልኝ። ስለ ውሃ፣ ስለ ገበያ ቦታ፣ ስለ መብራት ማን ምን ብሎ እንደተከራከረ፣ ማን ብቻውን "አልስማማም" ብሎ እንደፈረመ ማየት እፈልጋለሁ። የላካችሁልኝን አንብቤ የሚቀጥለውን ጽሑፍ በእሱ ላይ እጽፋለሁ።